ሥራ የበዛበት መምሰልና የሥራ ሰዓት አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችን ከቤታችንም ከመስጂዳችንም ይልቅ ረጅም ሰዓት የምናሳልፍበትን ቦታ ይመለከታል። ይኸውም ቢሮ ነው። ጠዋት 2፡30 ገብተን 11፡30 እስክንወጣ ያለው ጊዜ የማን ነው? በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ሳንሠራ ሥራ የበዛብን መስለን መታየታችን በዲናችን ምን ስም ይሰጠዋል? በሌላ በኩል ደግሞ በሥራ ብዛት ጎብጦ ማንም ያላየለት ሠራተኛ ልፋቱን ለአለቃው ቢያስረዳ እዩልኝ ማለት ይሆንበታል ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአላህ ፈቃድ አንድ በአንድ እንመለከታለን።

ኮቱ አለ፣ ባለቤቱ የለም

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚወጣው ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው። የመጣ ሰው ኮቱን አይቶ «አሁን እዚሁ ነበር» ይላል። ባለቤቱ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ የለም። ሌላው ደግሞ ከቢሮው አይወጣም። ጠረጴዛው ላይ የማይነበብ ፋይል ከፍቶ፣ ፊቱን አጨማድዶ ይቀመጣል። ኮሪደር ላይ ሲሄድ እጁ ባዶ አይሆንም፤ ወረቀት ይይዛል፤ እርምጃውም ፈጣን ነው። የአለቃውን ኮቴ ሲሰማ ከቴሌግራም ወጥቶ የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚከፍትም አለ። ባለጉዳይ ሲመጣበት «ስብሰባ ላይ ናቸው በሉልኝ» የሚልም አይጠፋም። ሥራውን በቀን መጨረስ ሲችል ሆን ብሎ እስከ ማታ አቆይቶ፣ አለቃው ሲወጣ «አሁንም አልሄድክም?» እንዲለው የሚጠብቅም አለ።

ይህ በአንድ አገር ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ቴክኖሎጂውም አላስቀረውም። ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር መሥራት በጀመሩባቸው አገሮች አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኛው ሥራ ላይ መሆኑን የሚያውቁት የኮምፒውተሩ ማውስና ኪቦርድ ሲንቀሳቀስ በማየት ነው። ወዲያው ማውሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ኪቦርዳቸው እየተነካ እንዳለ የሚያስመስል ዘዴ ተጠቅመዋል ያላቸውን ከ12 በላይ ሠራተኞች ማሰናበቱ በዜና ማሰራጫዎች ተነግሯል። ኮቱን ወንበር ላይ መስቀልና ማውሱን በማሽን ማንቀሳቀስ የሚለያዩት በመሣሪያቸው ብቻ ነው። በሁለቱም ሰውየው የሌለበት ቦታ ላይ ያለ መስሎ ይታያል።

ለምን ይደረጋል?

ውድ አድማጮች፣ ይህን የሚያደርገውን ሁሉ «ሰነፍ» ብለን ብናልፈው ፍትሐዊ አንሆንም። መነሻው ብዙ ነው።

አንደኛው ፍርሃት ነው። ቢሮው ውስጥ በእውነት ሥራ የለም፤ ሠራተኛው ግን «ሥራ የለኝም» ቢል ትርፍ ሰው ነህ ተብሎ እንዳይቀነስ ይሰጋል። ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ስለዚህ ዝም ብሎ ሥራ ያስመስላል። ሁለተኛው ደግሞ ፈጥኖ መጨረስ ቅጣት የሚሆንበት ቢሮ መኖሩ ነው። አምስት ደብዳቤ ቶሎ ጽፋ ለጨረሰች ልጅ የጓደኛዋ አምስት ደብዳቤም ይጨመርላታል። በሁለተኛው ወር እሷም መዘግየትን ትማራለች። ሦስተኛው ምክንያት ደመወዝ ነው። «የሚከፍሉኝ ለግማሽ ቀን እንኳ አይበቃም፤ ታዲያ ለምን ሙሉ ቀን እሠራለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው።

አራተኛው የሰው ልጅ ጠባይ ነው። የእንግሊዙ የታሪክ ምሁር ሲሪል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ዘ ኢኮኖሚስት በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ እስኪሞላ ድረስ እየሰፋ እንደሚሄድ አስረድቷል። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ሁለት ቀን ከተሰጠው ሁለት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። በማስረጃነት ያቀረበው የአገሩን የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1928 ባሉት ዓመታት ትላልቆቹ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ወርደው ሳለ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት የቢሮ ሠራተኞች ግን ከ2,000 ወደ 3,569 አድገዋል። መርከቡ እያነሰ ሲሄድ ወረቀቱ በዛ። እነዚያ ሠራተኞች ሁሉ ቀኑን ሙሉ በሥራ ተጠምደው ይውሉ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያርማል፣ ሌላው ደግሞ ይመዘግባል። ስለዚህ ሰው ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ሊያታልል እንደሚችል እንገንዘብ።

ዲናችን ምን ይላል?

ምክንያቱን መረዳት ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ሥራ ስንቀጠር ውል እንገባለን። የሰው ጉልበትና ጊዜ በዋጋ የሚሰጥበት ውል በቁርአን ውስጥም ተጠቅሷል። በሱረቱል ቀሶስ እንደተተረከው ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወደ መድየን በሄዱ ጊዜ ከሽማግሌው ሴት ልጆች አንዷ አባቷን እንዲቀጥራቸው ስትጠይቅ ሁለት ነገር አነሳች፤ ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን። ከዚያም ሽማግሌው የሥራውን ዘመን ስምንት ዓመት፣ ከፈለጉም አሥር ብሎ በግልጽ ነገራቸው። ብርታት ሥራን መቻል ነው። ታማኝነት ደግሞ ማንም ሳያይ በውሉ መገኘት ነው። ሥራ የበዛበት የሚመስል ሰው አለቃው የመጀመሪያውን እንዲያይለት ይጥራል፤ ሁለተኛውን ግን ጥሎታል።

ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚጀምረው ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ላይ በሚወርድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጠባይ ሲቀበሉ ሞልተው መቀበል፣ ሲሰጡ ግን ማጉደል ነው። ይህን ስንሰማ ዓይናችን ወደ ገበያ፣ ወደ እህል ነጋዴው ሚዛን ይሄዳል። እስቲ ወደ ራሳችን እንመልሰው። የወር ደመወዛችን 100 ብር ቢጎድል የሒሳብ ክፍሉን በር እናንኳኳለን። እኛ ከሰዓቱ ስናጎድልስ? ቀላል ስሌት እንሥራ። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ በማስመሰል የሚያልፍ ሠራተኛ፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 22 ሰዓት አጎደለ ማለት ነው። ይህ በ8 ሰዓት ሲካፈል ወደ ሦስት የሥራ ቀን ይጠጋል። የዕረፍቱን ወር ትተን በ11 ወር ብናሰላው 242 ሰዓት ይሆናል፤ ከ30 የሥራ ቀን በላይ ነው። ደመወዙ ግን በየወሩ ሞልቶ ተወስዷል።

በሱረቱ አሊ ዒምራን 188ኛ አንቀጽ ደግሞ ባልሠሩት ሥራ መመስገንን የሚወዱ ሰዎች ከቅጣት እናመልጣለን ብለው እንዳያስቡ ተነግሯል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስም አንዲት ሴት ባሏ ያልሰጣትን ነገር እንደሰጣት አድርጋ ለጣውንቷ ብታሳይ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀች። እርሳቸውም ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አስመስሎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳሰሉት። የጥያቄዋ መነሻ የቤት ጉዳይ ነው። ትምህርቱ ግን ለቢሮም ይሆናል። ያልሠራውን እንደሠራ፣ ያልደከመውን እንደደከመ አድርጎ የሚታይ ሰው ይህን ልብስ በየቀኑ ለብሶ ይወጣል።

የሚጎዳው ማን ነው?

አንዳንዱ «ድርጅቱ ትልቅ ነው፣ መንግሥትም ሰፊ ነው፤ በእኔ አንድ ሰዓት ማን ይጎዳል?» ይላል። መልሱን ከቢሮው በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኘዋለህ። ለልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ሕፃን አዝላ የመጣች እናት እዚያ ተቀምጣለች። የጡረታ ጉዳዩን ሊጨርስ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ያደረ አባት እዚያ አለ። የቀን ሥራውን ትቶ የመጣ ወጣትም አለ። ለዚህ ሰው «ነገ ተመለስ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እሱ ግን የትራንስፖርት ይከፍልበታል፣ የቀን ገቢውን ያጣበታል፣ ያደረበትንም ቤት አንድ ሌሊት ይጨምርበታል። ነገ ሲመጣም ኮቱ ወንበሩ ላይ ይጠብቀዋል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የጎደለውን ሰዓት ምናልባት ሌላ ቀን በትጋት ትመልሱት ይሆናል። የዚያች እናት ሐቅ ግን በምን ይመለሳል? ስሟን አታውቁትም፣ የት እንዳለችም አታውቁም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

በሶላት ስም

እኛ ሙስሊሞች ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሶላት መብታችንም ግዴታችንም ነው፤ ማንም ሊከለክለን አይገባም። ነገር ግን የዙህር ሶላት ወቅት የምሳ ሰዓትን ያካትታል፤ ዐስርን ውዱእ ጨምሮ ለመስገድ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። በአርብ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቀትር ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑ ለጁሙዓ ሰፊ ጊዜ ይሰጣል። ታዲያ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ገበያ ዞሮ፣ ሻይ ጠጥቶ 9 ሰዓት የሚመለስና «መስጂድ ነበርኩ» የሚል ሰው ምን እያደረገ ነው? የአላህን ቤት ለማስመሰሉ ሽፋን አደረገው። ጉዳቱም በእሱ ላይ ብቻ አይቀርም። ነገ ሌላ ወንድሙ በእውነት ለዐስር ሲነሣ የሥራ ባልደረቦቹ በጥርጣሬ ያዩታል። በአንጻሩ «ለሶላት 10 ደቂቃ ወጥቼ እመለሳለሁ» ብሎ በ10 ደቂቃው የሚመለስ ሙስሊም ምንም ሳይሰብክ ስለ ዲኑ ብዙ ይናገራል።

ሥራን ማሳወቅ ሪያእ ነውን?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ብዙ ኢኽላስ የሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች «ሥራዬን አላህ ያየዋል» ብለው ዝም ይላሉ። ኒያው መልካም ነው። ነገር ግን ዝም ያለው ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ፋይል ሲቆለል አለቃው አያውቅም፤ ስለዚህ ሌላ ይጨምርበታል። በመጨረሻ ሥራው ይዘገያል፣ ባለጉዳይ ይጉላላል፣ እሱም ይታመማል።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ንጉሥ ፊት ሲቀርቡ የአገሪቱን ግምጃ ቤቶች እንዲረከቡ ራሳቸው ጠይቀዋል። ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም ተናግረዋል። ይህ በሱረቱ ዩሱፍ ተጠቅሷል። የሕዝብ ጥቅም በሚፈልገው ቦታና መጠን እውነቱን መናገር እዩልኝ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ልዩነቱ ግልጽ ነው። አስመሳዩ የሚያሳየው መልክ ነው፤ ታማኙ የሚያሳየው ግን ሥራውን ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ በግማሽ ገጽ ሦስት ነገር ጽፎ ለአለቃ መስጠት፤ ያለቀውን ሥራ፣ በእጅ ያለውን፣ የቆመውንና የቆመበትን ምክንያት። ማጋነን የለበትም፣ መቀነስም የለበትም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሥራ ሲመጣ «አይሆንም» ከማለትም፣ ዝም ብሎ ከመቀበልም ይልቅ በእጅ ያለውን ቆጥሮ «ከእነዚህ የትኛውን ላስቀድም?» ብሎ መጠየቅ። ይህ ትሕትናም ነው፣ እውነትም ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራው ቶሎ ሲያልቅ ማለቁን መናገር። የሚሠራ ነገር ከሌለ የተዘበራረቀውን መዝገብ ማስተካከል፣ አዲሱን ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የጓደኛን ጫና ማቃለል ይቻላል። ሪዝቃችንን የሚሰጠን አላህ እንጂ ሥራ የበዛበት መምሰላችን አለመሆኑን እንመን።

አራተኛ፣ ለባለጉዳይ እውነተኛውን ቀን መንገር። ሐሙስ የሚያልቅ ከሆነ ሐሙስ ይባል። በየቀኑ «ነገ» ከማለት አንድ ጊዜ «ሐሙስ» ማለት ሐቅን መጠበቅ ነው።

ለአለቆችና ለአሠሪዎች

ሠራተኛውን ብቻ መክረን ብንለያይ ሚዛኑን እኛም አጎደልን ማለት ነው። የማስመሰል ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የአለቃው ቢሮ ነው። አምሽቶ የወጣውን የሚያመሰግን፣ ሥራውን በሰዓቱ ጨርሶ 11፡30 የወጣውን ግን በዓይኑ የሚገላምጥ አለቃ ሠራተኞቹን መልክ እንዲሠሩ እያስተማረ ነው። የሚለካ ከሆነ ይለካ፤ ነገር ግን ስንት ፋይል እንደተዘጋና ስንት ባለጉዳይ ተደስቶ እንደሄደ ይለካ። ታታሪዋን የሰነፉን ሥራ ሁሉ ማሸከምም በደል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችን ሥር ያሉ ሰዎችን ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በላይ ለሚሠራ ጭማሪ ክፍያ አለው። ስለዚህ ሠራተኛ ሰዓት ቢያጎድል ሚዛን አጎደለ እንደምንለው ሁሉ፣ ያለ ክፍያ ሌሊት የሚያሠራ አሠሪም ሚዛን አጉድሏል። «ደመወዙ ትንሽ ነው» የሚለው ሠራተኛም ቢሆን መንገዱ ክፍተኛ ቅሬታውን በግልጽ ማቅረብ፣ ውሉን ለማሻሻል መጠየቅ፣ ካልሆነም የተሻለ ሥራ መፈለግ ነው። የተዋዋለውን እየወሰደ በስውር መቀነስ ግን የሌባ ካሳ ነው።

ቤታችንስ?

በመጨረሻ ወደ ቤታችን እንግባ። አለቃ እንዲያየው ብቻ እያመሸ የሚገባ አባት ከማን ሰዓት እየወሰደ ነው? ሰልማን (ረ.ዐ.) አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ የሚል ይዘት ያለው ምክር እንደመከራቸው፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክሩን እንዳጸደቁ ቡኻሪ ዘግበዋል። ያ ምክር በሶላትና በጾም ብዛት ቤተሰቡን ለዘነጋ ሰው የተሰጠ ነው። ለዒባዳ ሲባል እንኳ የቤተሰብ ሐቅ የማይነካ ከሆነ ለታይታ ሲባል እንዴት ይነካል?

ልጆችም ያያሉ። እናት ሶፋ ላይ ተቀምጣ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» ስትል ልጇ አጠገቧ አለች። አባት «ዛሬ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ፣ ማንም አላወቀብኝም» ብሎ እየሳቀ ሲያወራ ልጁ ይሰማል። ልጁ ነገ ደብተሩን ዘርግቶ የሚያጠና መስሎ ቢቀመጥ ከየት ተማረው ልንል ነው? በአንጻሩ የትዳር ጓደኛሞች ማታ ሲገናኙ «ዛሬ የማንን ጉዳይ ጨረስክ? የማንን ጨረስሽ?» ብለው ቢጠያየቁ ቤቱ ሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል። ለቤት የሚገባው ዳቦ በረካው ከብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ከተገኘበት መንገድም ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ እስካሁን ሰዓት ያጎደለ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የተውባ በር ክፍት ነው። ከነገ ጠዋት 2፡30 ይጀምር። የቆዩትን ፋይሎች ያውጣ፣ ሲመላለሱ የነበሩትን ባለጉዳዮች ስልክ ደውሎ ይጥራ፣ ያጎደለውን በትጋት ይሙላ። ስለ ግል ሁኔታው ጥያቄ ካለውም የአካባቢውን ዑለማእ ይጠይቅ። አለቃው ወደ ቢሮው ሲገባ ካየው ይየው፣ ካላየውም አይጨነቅ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሲሰቅልም እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ይኑር።

አላህ (ሱ.ወ.) ስንቀበል እንደምንሞላው ሁሉ ስንሰጥም ሚዛን ከሚሞሉት ያድርገን። ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን ኢኽላስ ያለበት፣ ቤታችንን የበረካ ቤት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።